እሷ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሷ

ሩቅ አገር ጓደኛ አለችኝ ብለው የሚያለቃቅሱ ሰዎች አያሳዝኑኝም። ምን ጎደለባቸው? ሩቅ ያለች ጓደኛ ድስትሽን ተውሳ አሳርራ አትመልስልሽም። ወጥሽን ቀምሳ «ጨው አልበዛበትም?» አትልሽም። ገና ፊትሽን ሳትታጠቢ በር አንኳኩታ ስለ አማቷ አታወራሽም። እኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የቅርብ ጓደኛ የምላቸው አራት ሴቶች አሉኝ። እግዜር ይስጣቸውና ያለ እነሱ አንድ ቀን ውዬ አላውቅም፤ ውዬ ባየው ግን ደስ ይለኛል።

የሩቋ ሀላባ ናት። እሷ ሀላባ፣ እኔ ሚዛን፤ እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት አለፈን። መጀመሪያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ እኔ ሀላባ፣ እሷ ሚዛን። በመሃል ምን እንደተፈጠረ ስናገር ሰው ይስቅብናል። መሳቅም አለበት፤ በተለይ ሁለታችንም የጂኦግራፊ አስተማሪዎች መሆናችንን ሲሰማ።

የተዋወቅነው መምህራን ኮሌጅ ነው። ተደራራቢ አልጋ ላይ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች እንተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የብስኩት ፍርፋሪ ስታራግፍብኝ ከርማ፣ ስንመረቅ ተቃቅፈን አለቀስን። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የሥራ ቦታ በዕጣ ይደለደል ስለነበር እኔ እጄን ሰድጄ የተወለድኩበትን ሀላባን አወጣሁ፤ እሷ ሚዛን ተፈሪን አወጣች። አባቷን የማታውቅ፣ ናዝሬት አክስቷ ቤት ያደገች ልጅ ስለሆነች የትም ብትመደብ «ራቀችብኝ» የሚል ሰው አልነበራትም። «አንቺ ቤትሽ ደረሰሽ፣ እኔ የካርታው ጫፍ ደረሰኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ጓደኝነታችን የደብዳቤ ሆነ። ሞባይል ገና አልመጣም። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ዝናብ መንገድ ከቆረጠ ከዚያም ይረዝማል። የእኔ ደብዳቤ ሁሉ ስለ አባቴ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ የቀረነው እኔና የስፌት መኪናው ነበርን፤ ከሁለታችን የሚያዳምጠው መኪናውን ነበር። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ሳያማክረኝ ለአንድ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጠ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን ከጓዳ ወጣሁና «እኔ አላገባውም» አልኩ። ለብቻው ብነግረው ኖሮ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ይበርድለት ነበር። ሽማግሌ ፊት መናገሬን ግን አልቻለውም። እንግዶቹን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰና አፉን ዘጋ።

አባቴ ዘጋ ማለት ዘጋ ነው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። እኔም ግትርነቱን የወረስኩት ከጎረቤት አይደለምና ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሱቁ በር ቆም ብዬ «እንደምን አደሩ አባባ» እላለሁ። እሱ ቀና ሳይል የመኪናውን ፔዳል በኃይል ይረግጣል። ከተማው ሁሉ ይህን ትርኢት ስለሚያውቀው በዚያ ሰዓት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ወንበር አይገኝም ነበር።

የእሷ ደብዳቤዎች ደግሞ ገነት ውስጥ ተቀምጣ የምትጽፋቸው ይመስሉ ነበር። ሚዛን አረንጓዴ ናት። ሚዛን አቧራ የሚባል ነገር የለም። አናናሱ ማር ነው፤ አቮካዶው ራሱ ከዛፍ እየወረደ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዘመድ ነው። እኔ የጋሪ አቧራ እየዋጥኩ፣ የአባቴን ጀርባ እያየሁ ይህን ሳነብ ምን እንድሆን ፈልጋ ነበር? አንድ ቀን ተነስቼ የዝውውር ቅጽ ሞላሁ። የሚፈለግ ቦታ በሚለው ላይ «ሚዛን ተፈሪ» ብዬ ጻፍኩ። ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም፤ በሯን አንኳኩቼ አፏን ከፍታ ስትቀር ማየት ፈለግሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሳይቀድመኝ አይቀርም። በዚያው ወር እሷም የለቅሶ ደብዳቤዎቼን ስታነብ ከርማ «ይህች ልጅ ብቻዋን ልታብድ ነው» ብላ ቅጽ ሞልታለች። የሚፈለግ ቦታ፦ ሀላባ። እሷም ልታስደንቀኝ ፈልጋ ዝም ብላለች።

ከዞን ዞን መዛወር በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ቶሎ የሚፈቀደው በልውውጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ሌላ ሰው በተቃራኒው ሲመጣ። እንግዲህ የሁለታችንን ፋይል ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ጸሐፊ ደስታ አስቡት። ከሀላባ ወደ ሚዛን አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከሚዛን ወደ ሀላባ አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ። እንዲህ የገጠመ ነገር በሥራ ዘመኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ማኅተሙን አንስቶ ሁለቱም ላይ መታ።

የደረሰኝ ደብዳቤ «በልውውጥ ተፈቅዷል» ይላል፤ ከማን ጋር እንደሆነ አይልም። እኔም አልጠየቅሁም። የእሷ ትምህርት ቤት ሁለት የጂኦግራፊ አስተማሪዎች እንዳሉት አውቃለሁ፤ አንዷ እሷ፣ ሌላው ጡረታ የተቃረቡ ሰውዬ። ሰውዬው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል መሃል ቆሜ «ያንን አናናስ ትቶ አቧራ ልቃም የሚል ምን ዓይነት ጅል ነው?» ብዬ ሁሉንም አሳቅኋቸው። እሷም ሚዛን ላይ ቆማ ጭቃ ናፍቆት ስለሚመጣው ጅል እያወራች ሰው ስታስቅ ከርማለች።

በአንድ ቀን ሥራ እንድንጀምር ስለታዘዝን ጅማም የደረስነው በአንድ ቀን ነው። አውቶቡሶች ጅማ ነው የሚያድሩት። እኔ በሆሳዕና ዞሬ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። መናኸሪያው ውስጥ ፍራሼን ከጣራ እያስወረድኩ ሳለ ማዶ አንዲት ሴት በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ስትልጥ አየሁ። ፍራሹ የታሰረበት አበባ ያለበት አንሶላ ከእኔው ጋር አንድ ነው፤ ኮሌጅ ሳለን አብረን የገዛነው። ቀረብኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ወደ አንቺ» አለች። «አንቺስ?»

«ወደ አንቺ።»

ሙዙ እጇ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ሳቅን፤ ወያላዎች መጥተው እስኪከቡን ድረስ ሳቅን። ከዚያ እሷ አለቀሰች። ከዚያ ተጣላን።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላስደንቅሽ ብዬ ነዋ!»

«ይኸው ደነቀኝ!»

መመለስ አይቻልም። የእኔን ቦታ እሷ፣ የእሷን ቦታ እኔ ይዘናል፤ እምቢ ያለች ሥራዋን ታጣለች። አዲስ ቅጽ ለመሙላት ደግሞ በአዲሱ ቦታ ሁለት ዓመት ማገልገል ግዴታ ነው። ስለዚህ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የኑሮ ርክክብ አደረግን። ውሃ የሚያመላልሰው ባለ ጋሪ የትኛው እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩ ምን እንደሚያናድደው፣ የአባቴ ሱቅ የት እንደሆነና በዚያ በኩል ድርሽ እንዳትል ነገርኳት። እሷ ደግሞ ጫማ አልጋ ሥር እንዳላስቀምጥ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ልብስ ሁሉ አውጥቼ እንዳሰጣ፣ ጠመኔ በፌስታል ጠቅልዬ እንድይዝ መከረችኝ። ምክሩ በበዛ መጠን እየከፋኝ ሄደ።

«ያ ሁሉ የጻፍሽልኝ ነገርስ?» አልኳት።

«አናናሱ እውነት ነው።»

«ሌላውስ?»

«አናናሱ እውነት ነው አልኩሽ እኮ!»

በማግስቱ ጠዋት የሁለታችን አውቶቡሶች በአንድ በር ወጥተው አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ሚዛን ስገባ ዝናብ ነበር። በማግስቱም ዝናብ ነበር። በሳምንቱ ጥቁር ጫማዬ ሻግቶ አረንጓዴ ሆነ፤ ሚዛን አረንጓዴ ናት ማለቷ ያኔ ገባኝ። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደልቀው ድምፄ ከፊተኛው ወንበር ስለማያልፍ ስለ ዝናብ አፈጣጠር ማስተማር ጀምሬ በዝናብ ምክንያት ያቋረጥኩበት ቀን አለ። አንድ ቀን ተማሪዎቼ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ካርታው ላይ ሀላባን አሳየኋቸው። በጣት ሲለካ እዚሁ ነው። አንዷ የሸኮ ልጅ «ይሄ እኮ ቅርብ ነው፤ ለምን ሄደሽ አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ። ካርታ የሠራውን ሰው በልቤ ረገምኩት።

የገባሁት እሷ በለቀቀችው ክፍል ነው። አከራዬ የቤንች ሴት ናቸው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ስለተማሩት እንደ እኛ ቃል አያባክኑም። በመጀመሪያው ቀን የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ይዘውልኝ ገቡ፣ ስሜን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፦

«አባትሽ ተናገረ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ለካ ጓደኛዬ ደብዳቤዎቼን ብቻዋን አታነብም ነበር። ልጅ ሆና ማንበብ የማይችሉ የአክስቷ ጎረቤቶች ሁሉ ደብዳቤ ሲያስነብቧት ነው ያደገችው፤ ጮክ ተብሎ ለሰው ካልተነበበ ደብዳቤ የተነበበ አይመስላትም። ደብዳቤዬ በመጣ ቁጥር ሴትየዋን ቁጭ አድርጋ ከ«ይድረስ» እስከ ፊርማው ታነብላቸዋለች። አብረው ከንፈር ይመጣሉ፤ አባቴን አብረው ያማሉ።

ሴትየዋ ሌላም ነገሩኝ። «እሷ እሁድ እሁድ ታለቅስ ነበር» አሉ። «ሰው የላትማ። ከዚያ ላንቺ ትጽፋለች። ስትጽፍ ትስቃለች።» ያ ሁሉ ገነት ለካ እሁድ እሁድ ለቅሶዋን አብሳ የምትፈጥረው ነበር፤ እኔ እንድስቅ ብላ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፤ ሆዴም ባባ። ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ጎደሬውን በላሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አከራዬ ከገበያ ሲመለሱ ደህና ዋልሽ አይሉኝም፤ «አባትሽ ተናገረ?» ነው የሚሉኝ። ሚዛን ላይ ያገኘኋቸው አራቱ ጓደኞቼም ይህንኑ ለመዱ። አንድ ሙሉ ሰፈር የማያውቀውን ልብስ ሰፊ አፍ ይጠብቅ ጀመር።

ከሀላባ የመጀመሪያው ደብዳቤዋ በሦስተኛው ወር መጣ። ድርሽ እንዳትዪ ባልኳት ሱቅ ገብታ ቀሚስ አሰፍታለች። «አባትሽ እጅጌውን አበላልጦ ሰፋው። ነገርኩት። ‹የተበላለጠው ክንድሽ ነው› አለኝ» ትላለች። አባቴ! ለእኔ አምስት ዓመት አንዲት ቃል ያልወጣው ሰው ለእሷ ስለ ክንዷ ይተነትናል። የእኔ ጓደኛ መሆኗን አልነገረችውም፤ ከሚዛን መምጣቷን ብቻ ነው የሰማው። በሳምንቱ እጅጌውን እንዲያስተካክልላት ስትሄድ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ «ሚዛን ወባ አለ ይባላል?» ብሎ ጠየቃት። በሌላው ሳምንት «ወባው ቴፒ ነው ወይስ እዚያው ሚዛን?» አላት። በሌላው ሳምንት «ቤቱ ያፈሳል?» አላት። «ሚዛን ሊሰደድ ያሰበ መሰለኝ» ብላ አሾፈች።

እኔን አላሳቀኝም። ማወቅ የሚፈልግ ሰው አፍ አለው፤ እኔን ይጠይቀኝ። ቀጥሎ የመጡት ደብዳቤዎች ደግሞ ባሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አብረው ይበላሉ። አባባ ትለዋለች። ይስቃል፤ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ ለእኔ ትጽፍልኛለች፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። ይባስ ብሎ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገራት። እናቴን የተዋወቃት ልብስ ልታሰፋ መጥታ ነው፤ ተመልሳ እንድትመጣለት ብሎ ሦስት ጊዜ ሆን ብሎ አበላሸባት። «የእኔን እጅጌ ግን ሆን ብሎ አይደለም ያበላሸው፤ ዓይኑ ደክሞ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ያኔ በደንብ አላነበብኩትም። ቅናት አሳውሮኝ ነበር።

ብድግ ብዬ መልስ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ። «አባት የሌለው ሰው የሰው አባት ቢወስድ አይገርመኝም። እኔ በሩ ላይ አምስት ዓመት ቆሜ ያጣሁትን አንቺ በአንድ ቀሚስ ወሰድሽው። እኔ ድምፁን እንኳ ረስቼዋለሁ። በይ ይመችሽ።» በዓለም ላይ አንድ የልብ ጓደኛ ብቻ ያላት ሴት ያቺን አንዷን የምትወጋበትን ቦታ እንዴት አድርጋ እንደምታውቅ ተመልከቱ። በማግስቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሮጬ ሄድኩ፤ ከረጢቱ ሲነጋ በወጣው አውቶቡስ ሄዷል። ዝናብ መንገድ በሚቆርጥበት አገር የዚያን ቀን መንገዱ ደህና ነበር።

አንድ ወር ጠበቅሁ፤ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ሦስተኛው ገባ። አከራዬ «አባትሽ ተናገረ?» ማለት ትተው «እሷ ጻፈች?» ማለት ጀመሩ። የአባቴን ዝምታ ለምጄው ነበር፤ በእሱ ዝምታ ውስጥ ምግብ ይበላልኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። የእሷ ግን አልቻልኩትም። ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሁለቱን ቀደድኩ፣ አንዱን ላክሁ። መልስ የለም።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሐሙስ ቀን ከስልክ ቤት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። ከሀላባ የተላከ መልእክት ነው። «ቅዳሜ ከጅማ በሚገባው አውቶቡስ እንግዳ ተቀበይ።» ሌላ ምንም የለውም።

እሷ ናት! ልታቅፈኝ ትምጣ ልትደበድበኝ ግድ አልሰጠኝም። ክፍሉን አጠብኩ፣ አልጋውን ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር አራቅሁት፣ ከገበያው ትልቁን አናናስ መረጥኩ። ይቅርታ ብሎ መናገር ስለማልችል አከራዬን ፊቴ አቁሜ ተለማመድኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «እንደገና በይ፤ አሁን የተቆጣሽ ነው የሚመስለው» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። አከራዬም እኔን ብቻዬን ሊልኩኝ አልፈቀዱም፤ የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ ደፍተው አብረውኝ ቆሙ። አውቶቡሱ እስከ መስኮቱ ተለውሶ ገባ። ነጋዴዎች ወረዱ፤ አንድ ወታደር ወረደ፤ ዶሮ ያቀፈች ሴት ወረደች። እሷ የለችም። አንገቴን አስግጌ በመስኮት በመስኮት ፈለግኋት። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢውን ከላዩ አውልቆ የጠቀለለበትን ከባድ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በእግሩ ደረጃውን እየዳሰሰ ወረደ። ከጋቢው ጫፍ የስፌት መኪና ብረት ብቅ ብሏል። አባቴ ነበር። ዓይኑ መድከሙ ያኔ ታየኝ።

እንዴት እንደመጣ የሰማሁት በኋላ ነው። ያንን ደብዳቤ ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ አንብባዋለች፤ ያነበበችውም ለእሱ ነው፣ ስድቤን ሳትዘል። «ድምፁን እንኳ ረስቼዋለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ የመኪናው ፔዳል ቆመ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ስትጨቀጭቀው ከረመች። እሺ ሲላት ሱቁን አስዘጋችው፣ ዕቃውን አሰረች፣ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ ጅማ ድረስ አመጣችው። ሰኞ ክፍል ስለነበራት ሚዛን አውቶቡስ ላይ አስቀምጣው ተመለሰች። ቅዳሜ ምሳ የምትበላበትን ብቸኛ ቤት፣ አባባ የምትልበትን ብቸኛ ቤት፣ በገዛ እጇ አፍርሳ ለእኔ ላከችልኝ። ምስጋና የሚባለውን ነገር እስከዚያ ድረስ የማውቀው ከደብዳቤ መዝጊያ ላይ ነበር።

አባቴ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቶት ቆመ። መኪናውን የሚያኖርበት ደረቅ ቦታ ስላጣ እንዳቀፈው ነው። ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም። አከራዬ ከኋላ ጎሸም አድርገውኝ «ተናገረ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ጭቃውን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ እኔን አየኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ አባቴ አፉን ከፈተ።

«ያቺ ልጅ ብቻዋን ቀረች» አለኝ።